የአሚን ካታሊስት ስሌት ለማመን የሚያስቸግር ውጤት ሲሰጥ፦ ችግርና መፍትሄ

አራት ኪሎ ወደሚገኘው ቢሮዬ ላፕቶፓቸውን ታቅፈው የሚመጡት ተማሪዎች አብዛኞቹ በኮምፒውተር የሚያሰሉት አንድ ነገር ነው፤ የፍራሽ ስፖንጅ የሚሠራበት ፖሊዩሬታን ሲፈጠር ካታሊስቱ (አፋጣኙ) አሚን፣ ማለትም ናይትሮጅን ያለው ውህድ፣ የአልኮሉንና የአይሶሳያኔቱን ውህደት እንዴት እንደሚያፋጥን ነው። የሞለኪውሉን ቻርጅና ስፒን ስታስገቡ የሚፈጠር ስህተትን ራሳችሁ እንዳጣራችሁ እቆጥራለሁ።

ምልክት፦ አክቲቬሽን ኢነርጂው (ሪአክሽኑ የሚሻገረው የኢነርጂ ጉብታ) ከመጠን በላይ ዝቅ ብሏል።

ምክንያት፦ የተገኘው ትራንዚሽን ስቴት (በጉብታው ጫፍ ላይ ያለው ቅርጽ) የሪአክሽኑ ሳይሆን የአንድ ሜቲል (CH3) መሽከርከር ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ተማሪ «ጋሼ፣ ካታሊስቱ ኢነርጂውን ወደ 2 ኪሎካሎሪ አወረደው» እያለ በደስታ መጣ። ውጤቱ ላይ 150 cm⁻¹ ገደማ የሆነ አንድ ኔጌቲቭ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም የትራንዚሽን ስቴት መለያ፣ ተጽፏል፤ ለእሱ ይኸው በቂ ነበር። እንቅስቃሴውን በስክሪን ስናየው ግን አልኮሉና አይሶሳያኔቱ ንቅንቅ ሳይሉ የአሚኑ ሜቲል ብቻውን ይዞራል። የሦስት ሳምንት ስሌት በዚያች ደቂቃ ከንቱ ሆነ። የቁጥሩ መጠን ብቻውን አይፈርድም፤ ካርቦንና ኦክሲጅን ሲተሳሰሩም ተቀራራቢ ቁጥር ሊወጣ ይችላል። ከአሚን ካታሊስቶቹ ቢስ ዳይሜቲልአሚኖኢቲል ኢተር አራት ሜቲሎች ስላሉት በተለይ ያታልላል። ሌላው አሚን ዳብኮ ሜቲል የለውም፤ ሆኖም ስሌት ለማሳጠር ሲባል ሜቲል አይሶሳያኔትን የሚመርጥ ሰው፣ የእሱ ሜቲል ያለ እንቅፋት ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ስለሚሽከረከር፣ ያንኑ ጣጣ በገዛ እጁ ይጠራል። ፌኒል አይሶሳያኔትን ውሰዱ።

መፍትሄ፦ የአልኮሉን ኦክሲጅን ወደ አይሶሳያኔቱ ካርቦን ደረጃ በደረጃ እያስጠጋችሁ አስሉ፤ ከኢነርጂው ጫፍ ላይ ተነሥታችሁ፣ ሄሲያኑን (የኢነርጂውን ሁለተኛ ዲሪቬቲቮች) መጀመሪያ አስልታችሁ ትራንዚሽን ስቴቱን ፈልጉ። ከዚያ እንቅስቃሴውን በዓይናችሁ እዩ፤ ከጫፉ የሚወርደውን መንገድም በሁለቱም አቅጣጫ፣ ወደ መነሻዎቹና ወደ ውጤቱ፣ ተከተሉት። አንዱን ጫፍ ብቻ አይቶ «ደርሷል» የሚል ሪፖርት አልቀበልም።

ምልክት፦ ኢነርጂው ከሙከራው እጅግ ከፍ ብሏል።

ምክንያት፦ ሞለኪውሎቹ ሲሰበሰቡ የሚጠፋው ኢንትሮፒ በጋዝ 1 አትሞስፌር ተሰልቶ ቀርቷል። ወደ 1 ሞላር (ለፈሳሽ የሚሆነው መለኪያ) ሲቀየር በ25 ዲግሪ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሞለኪውል 1.9 ኪሎካሎሪ ይቀነሳል፤ አልኮል፣ አይሶሳያኔትና አሚን ሲገናኙ 3.8 ማለት ነው፣ በፍጥነት ሲተመን 600 እጥፍ ገደማ። የዲስፐርሽን (በሞለኪውሎች መካከል ያለ ደካማ መሳሳብ) እርማት የሌለው ቢ3ሊፕ የተባለው የስሌት ዘዴም ኢነርጂውን ከፍ ያደርጋል።

ምልክት፦ ካታሊስቱ ከሌለበት ስሌት ጋር ሲነጻጸር ጥቅሙ ተጋኗል። ማነጻጸሪያው ላይ አንድ አልኮል ብቻ አስገብታችኋል፤ ሁለተኛ አልኮል ጨምሩና ፕሮቶኑን ያቀብል።

መብራት ሲጠፋ ስሌቱ ከዜሮ የሚጀምርባችሁ ከሆነ ስሌቱ የደረሰበትን የሚያስቀምጠውን የቼክፖይንት ፋይል ስም በግቤቱ መጀመሪያ ላይ ጻፉ።