አስጠኚው ሲሰራው የሚገባኝ፣ ብቻዬን ስሆን የሚጠፋኝ ሒሳብ

12ኛ ክፍል፣ ካልኩለስ። አስጠኚዬ ቤት መጥቶ ሲሰራው ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይገባኛል። በማግስቱ ያንኑ ጥያቄ ብቻዬን ስይዘው ባዶ።

መጀመሪያ ሰዓት ጨመርን፣ በሳምንት ከ2 ቀን ወደ 4። ምንም። የጥያቄ መጽሐፍ ገዛሁ፣ እሱንም አስጠኚዬ ሰራልኝ። ሰሌዳውን በስልክ ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ፤ ፎቶዎቹን ግን ተመልሼ አይቻቸው አላውቅም።

ለውጥ ያመጣው ነገር፦ እስክሪብቶውን እኔ ያዝኩ። ከመምጣቱ በፊት 5 ጥያቄ እሞክራለሁ፣ የቆምኩበት መስመር ላይ ምልክት አደርጋለሁ፣ እሱም ከዚያች መስመር ይጀምራል፤ ግን እየጠየቀኝ እንጂ እየጻፈልኝ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ጉዱ ወጣ። የሳይን ኦፍ ኤክስ ስኩዌር ዴሪቬቲቭ (የለውጥ መጠኑ) ሲባል ኮሳይን ኦፍ ኤክስ ስኩዌር ብዬ አቆማለሁ፣ በውስጥ ባለው የኤክስ ስኩዌር ዴሪቬቲቭ፣ ማለትም በ2 ኤክስ፣ ማባዛቱን እረሳለሁ። ለሳምንታት ራሴን እየነቀነቅኩ ሳይ ይሄ እንዴት ይታወቅ!

ሌላው፣ በማግስቱ ጠዋት ደብተሩን ዘግቼ ያቃቱኝን ብቻ በባዶ ወረቀት እደግማለሁ። ቢበዛ 20 ደቂቃ ነው። አሁን ወደ 2 ቀን ተመልሰናል።