8 ትንንሽ ሳተላይት ሲሰራ ዋጋው በስንት ይረክሳል? አሰላሉ እንዲህ ነው

"ብዙ ስትሰራ ይረክሳል" ሁሉም ይላል፣ እሺ ግን በስንት? ባጀት ላይ ሰው የሚሳሳተው እዚች ጋ ነው።

መጀመሪያ ወጪውን ለሁለት ክፈሉት። አንዱ አንዴ ብቻ የሚወጣ ነው፣ ዲዛይን፣ ሶፍትዌር፣ የመጀመሪያው ሞዴል ቴስት ምናምን። ሌላው ለእያንዳንዱ ሳተላይት የሚደጋገም፣ ዕቃ መግዛት፣ መገጣጠም፣ መፈተሽ። ለርኒንግ ከርቭ (ስራው እየተለመደ ሲሄድ የሚመጣው የዋጋ መውረድ) የሚነካው ይሄን ሁለተኛውን ብቻ ነው!

የከርቩን ህግ በፈረንጆቹ 1936 ያወጣው ራይት የሚባል አሜሪካዊ የአውሮፕላን ኢንጂነር ነው፣ ምርቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር የአንዱ አማካይ የጉልበት ወጪ ከነበረበት ወደ 80% ይወርዳል ብሎ። ሳተላይት ላይ ይሄን አትመኙ፣ በተለምዶ ከ10 በታች ለሆነ 95%፣ እስከ 50 ድረስ 90%፣ ከዛ በላይ 85% ነው የሚያዘው።

እንበልና ዲዛይኑ 3 ሚሊዮን ዶላር፣ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ስራ ደግሞ 1 ሚሊዮን ይፈጃል። 8 ለመድረስ ሶስት ጊዜ እጥፍ ማድረግ ነው፣ ስለዚህ 0.95ን ሶስቴ አባዙት፣ አማካዩ 857 ሺህ ይመጣል፣ ጠቅላላው ከነዲዛይኑ 9.86 ሚሊዮን፣ ለአንዷ 1.23 ሚሊዮን ገደማ። አንድ ብቻ ብትሰሩ 4 ሚሊዮን ነበር፣ እና ሰው ይሄን አይቶ "ከርቩ ጉድ ሰራ" ይላል፤ ኧረ ብዙም አልሰራም፣ ያለ ከርቩም 1.375 ሚሊዮን ነበር እኮ፣ ዋናው ቅናሽ የመጣው የዲዛይኑ ወጪ ለ8 ስለተካፈለ ነው። በ85% ካሰላችሁት ደግሞ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ጉድለት ወረቀቱ ላይ ተደብቆ ይቀራል።

ለምን 95? የሶላር ፓነልና የባትሪ ሻጭ እናንተ ስለለመዳችሁ ዋጋ አይቀንስም። ከ1 ሚሊዮኑ 600 ሺው የተገዛ ዕቃ ቢሆን፣ የቀረው የሰራተኛ ወጪ በ85% ከርቭ ቢወርድ እንኳን አማካዩ ወደ 846 ሺህ ነው፣ ያው ከ95%ቱ ብዙም አይርቅም።

ሌላው፣ ከርቩ የሚሰራው አንድ አይነት ነገር ሳይቋረጥ ሲሰራ ነው። የኛዎቹን የኢትዮጵያ ሳተላይቶች እዩ፣ በፈረንጆቹ የ2019ዋ ወደ 70 ኪሎ፣ የ2020ዋ በጣም ትንሽ፣ የተለያየ ዲዛይን ስለሆኑ እነሱ መሀል ከርቭ ማስላት አይቻልም። ዲዛይን ስትቀይሩ ወይ ቡድኑ ሲበተን የሳተላይት ቆጠራውን እንደገና ከ1 ጀምሩት። ስራው ሲጀመር ደግሞ የእያንዳንዷን የመገጣጠሚያ ሰዓት መዝግቡ፣ አራተኛዋ ስታልቅ የራሳችሁን ፐርሰንት አውጡና የቀሩትን በሱ አስሉ።