እግር ወለም ሲል የምንሠራቸው ስህተቶች

አንዲት እናት ናቸው፤ ከታክሲ ሲወርዱ ነው። የኮብልስቶኑን ጠርዝ ረገጡና እግራቸውን ወለም አላቸው። እኔ ጋ የመጡት ግን ከአምስት ሳምንት በኋላ ነበር። በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ገቡ። አልጋው ላይ ሲወጡ እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው አስቀመጡት፤ የሰው ዕቃ ነው የሚመስለው። "እትዬ፣ እጅዎን ይተዉትና እግርዎ ራሱ ይውጣ" ስላቸው ደነገጡ። "እንዳላንቀሳቅሰው ተብዬ እኮ ነው ልጄ!"

አጥንታቸው ደህና ነበር። ያሰነከላቸው አምስት ሳምንት መተኛታቸው ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ሳይጣራ ማሳሸት

አንድ ሰው ወለም ሲለው ቤቱ ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዱ ቅቤ ያሞቃል፣ ሌላው "ሳይበርድ ይታሽ" ይላል። እባካችሁ አትሹት። ወለምታ ማለት አጥንትን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት ከመጠን በላይ ተለጥጧል ወይም ተበጥሷል ማለት ነው። ከውስጥ ደም ይፈስሳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ጠንክሮ ማሸት ደሙንም እብጠቱንም ይጨምረዋል። ከሥሩ ስብራት ካለ ደግሞ አጥንቱን ሊያናጋው ይችላል።

ስብራት ይኑር አይኑር በምን ይታወቃል? እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳዋ ኦታዋ ያሉ ሐኪሞች አንድ መለኪያ አወጡ። ዛሬም በብዙ አገር ይሠራበታል። እንደተጎዳችሁም፣ ቆየት ብላችሁም አራት እርምጃ መራመድ ካቃታችሁ ራጅ ተነሱ። እያነከሱ መራመድም ይቆጠራል። በግራና በቀኝ ጎላ ብለው የሚታዩትን የቁርጭምጭሚት አጥንቶች ከኋላ ጠርዛቸውና ከጫፋቸው በጣት ተጫኗቸው። ከትንሿ ጣት ወደ ተረከዝ ስትሄዱ መሃል ላይ፣ በእግሩ ውጪኛ ጠርዝ ጉብ ያለች አጥንት አለች፤ እሷንም ተጫኗት። በውስጠኛው ጎን ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት ዝቅ ብላ ያለችውንም እንዲሁ። አጥንቱ ራሱ ካመማችሁ ራጅ ያስፈልጋል። ለሕፃናትና እግራቸው ለደነዘዘ የስኳር ሕመምተኞች ግን በዚህ አትተማመኑ፤ ሐኪም ይያቸው።

በቀርከሃ ጠፍንጎ ማሰር

ወጌሻን የምናከብረው በምክንያት ነው። ኳስ ሜዳ ላይ ውሃና ስፕሬይ ይዞ የሚሮጠውን ሰው እንኳ ወጌሻ ነው የምንለው። እጃቸው የለመደ፣ አጥንትን በመዳሰስ ብዙ የሚያውቁ አሉ። የሚያስፈራኝ ማሰሪያው ነው። የተጎዳ እግር ወይም ክንድ ያብጣል። ቀርከሃው ግን አይሰፋም። እብጠቱ መውጫ ሲያጣ የደም ስሩን ይጫነዋል፤ ጡንቻው በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። በአገራችን በዚህ ምክንያት እጅ ወይም እግራቸው የተቆረጠ ልጆች አሉ። መጀመሪያ የነበረባቸው ግን ስብራት ብቻ ነበር።

ልጃችሁ ከታሰረ በኋላ ሌሊቱን ካለቀሰ "ስብራት ነው፣ ያማል" ብላችሁ አትለፉት። ጣቶቹን እዩ። ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ወይም እናንተ ጣቱን ቀና ስታደርጉት ከጮኸ፣ ጠዋት አትጠብቁ። ማሰሪያውን ወዲያው ፍቱና ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ጀሶም ቢሆን ያው ነው። ጀሶን ቤት ውስጥ ለመፍታት ግን አትታገሉ፤ በሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ሂዱ።

በረዶና ፍልውሃን ያለ ጊዜያቸው

"እረፍት፣ በረዶ፣ ማሰር፣ ከፍ ማድረግ" የሚለውን ምክር እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን ነው። ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በ2014፣ በረዶና ፍጹም እረፍት ማገገምን ሊያዘገዩ ይችላሉ ብሎ ራሱ ሐሳቡን አሻሻለ። በረዶ ሕመም ያስታግሳል። በጨርቅ ጠቅልላችሁ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ብትይዙት ይበቃል። ቀኑን ሙሉ መዘፍዘፍ ግን አያስፈልግም።

ሙቀት ተራው ኋላ ነው። ፍልውሃን እወዳለሁ፤ አዲስ አበባም የተቆረቆረችው እሱን ተከትላ አይደል? ለደረቀ መገጣጠሚያና ለቆየ የጡንቻ ሕመም ድንቅ ነው። ትኩስ እብጠት ላይ ግን አታድርጉት።

እግርን አልጋ ላይ መርሳት

ከሁሉም ስህተት ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው። ስብራት ከሌለ የመጀመሪያው ቀን ሁለተኛው ቀን እረፍት ነው። ከዚያ በኋላ እግር ሥራ ይፈልጋል። ያልተንቀሳቀሰ መገጣጠሚያ ይደርቃል። ባት በሳምንት ሁለት ሳምንት ውስጥ መሟሸሽ ይጀምራል። አዲስ የሚሠራው ጅማት ደግሞ የሚጠነክረው ሲሳብና ሲጫኑት ነው።

ለእትዬ የሰጠኋቸው የመጀመሪያ ሥራ ፊደል መጻፍ ነበር። እግርን ከአልጋው ጫፍ አውጥቶ፣ በአውራ ጣት አየር ላይ ሀ፣ ሁ፣ ሂ ብሎ መጻፍ። ጉልበት አይንቀሳቀስም፤ የሚጽፈው ቁርጭምጭሚት ብቻ ነው። "ሐ" ላይ ሲደርሱ አላባቸው። "ይሄ የቆሎ ትምህርት ቤት ሆነብኝ" ብለው ሳቁ፤ ግን አላቋረጡም። በሳምንቱ ግድግዳ ይዘው ተረከዛቸውን ከመሬት ማንሳት ጀመሩ፤ አሥር ጊዜ፣ ትንሽ አረፍ፣ እንደገና አሥር።

"ካመመኝስ?" ትሉኛላችሁ። ከአሥር ሁለት ሦስት የሚሰጡት ሕመም ችግር የለውም። በማግስቱ ጠዋት ብሶ ወይም አብጦ ካደረ መጠኑን ቀንሱ። አታቁሙ።

ክሊኒክ መጥተው ማሽን ብቻ የሚፈልጉም አሉ። ተኝተው ሙቀቱ ሲሰማቸው፣ ኤሌክትሪኩ ሲነዝራቸው ሕክምና ያገኙ ይመስላቸዋል። እንቅስቃሴ ስሰጣቸው "ይሄንማ ቤቴ እሠራዋለሁ" ይሉና አይሠሩትም። ማሽኑ ሕመሙን ለጥቂት ሰዓት ያለዝበው ይሆናል። ባታችሁን ግን አያጠነክርላችሁም።

መርፌ፣ ዋግምት፣ ከዚያ ሜዳ

የዳይክሎፌናክ መርፌ ተወግቶ በማግስቱ ኳስ የሚጫወት ወጣት ሞልቷል። መርፌው ስሜቱን ነው የቀነሰው፤ ጅማቱ እንደተበጠሰ ነው። መድኃኒቱ ሲደጋገም ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ደም ግፊትም ይጨምራል።

ስለ ዋግምት ብዙ ጊዜ ይጠይቁኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ ዋናተኛው ማይክል ፌልፕስ ትከሻው ላይ ክብ ክብ ምልክት ይዞ ስለታየ ጥያቄው በርትቷል። ደም የማይወጣበት ዓይነት ለጥቂት ጊዜ ቀለል ሊያደርግ ይችላል። በምላጭ ተበጥቶ በቀንድ የሚመጠጠውን ግን አልመክርም። በምላጩ ሄፓታይተስ ቢም ኤች አይ ቪም ከሰው ወደ ሰው ሊተላለፍ ይችላል።

"ተሻለኝ" ብሎ ማቆም

ሕመሙ በሁለት ሳምንት ሊጠፋ ይችላል። ጅማቱ ግን ገና ነው፤ ለመጠገን ብዙ ሳምንት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ከሕመሙ ጋር አብሮ የጠፋ ሌላ ነገርም አለ፦ እግር የት እንዳለ ሳያዩ ማወቅ። ሰው ከዓመት በኋላ "እግሬ ይከዳኛል፣ ደጋግሞ ወለም ይለኛል" የሚለው ብዙውን ጊዜ ይህን ስላልመለሰው ነው።

መመለሻው በአንድ እግር መቆም ነው። በመጀመሪያ ጠረጴዛ ይዛችሁ፣ ቀጥሎ ለቃችሁ፣ በመጨረሻ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ። ሠላሳ ሰከንድ ሲቀላችሁ ትራስ ላይ ቁሙ። በተጎዳው እግር እንደ ጤነኛው መዝለል ካልቻላችሁ ለኳስ ገና ናችሁ።

እትዬ ይህን የሚሠሩት ቡና ሲያፈሉ ነው። ጀበናው እስኪገነፍል በቀኝ፣ ሁለተኛው እስኪፈላ በግራ።