እናቴን ቤት ሳስታምም ቀበሌ የተመላለስኩበት ጉዳይ

እናቴን ስትሮክ ከመታት አራት ዓመት ሆናት። ግራ ጎኗ አይታዘዝላትም። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ ቅዳሜ ገበያ የነበረኝን የበርበሬ መደብ ትቼ የማነሳትም የማስተኛትም እኔው ነኝ።

ለአስታማሚ ተብሎ የሚከፈል ደመወዝ የለም፤ ይህን ቀድማችሁ እወቁት። ያለው ወጪ የሚያቀልል ድጋፍ ነው፤ እሱም ካልጠየቁት ቤት ድረስ አይመጣም።

መጀመሪያ የማኅበረሰብ ጤና መድን። የገፋፋችኝ ፎገራ ወረዳ፣ ወረታ ያለችው አክስቴ ናት፤ መድኑ በ2003 ዓ.ም. ሲሞከር ፎገራ ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ ስለነበር እነሱ ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የመድን ደብተሩ የሚይዘው ባልና ሚስትን፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችንም ነው። እናት አባት አብረዋችሁ ቢኖሩም ተጨማሪ ተከፍሎላቸው ስማቸው መግባት አለበት። «የእኛው ቤት ሰው ናት» ማለት አይበቃም። መክፈል ለማይችል መንግሥት ይከፍልለታል፤ የሚለየው ቀበሌው ከነዋሪው ጋር ሆኖ ስለሆነ ምልመላው ሳያልፍ ስማችሁን አስይዙ። የማደሻ ጊዜውንም እንዳትረሱ።

ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። አንድ ጊዜ ለተራ ክትትል በቀጥታ ሆስፒታል ወሰድኳት፤ ሪፈር (ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል የሚልክበትን ወረቀት) ስላልያዝኩ ሙሉውን ከኪሴ ከፈልኩ። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ባጃጅ ከመጥራታችሁ በፊት ሪፈሩን አጽፉ።

ሌላው ለድሃ ቤተሰብ የሚደረገው ድጋፍ፣ የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ነው። መሥራት የሚችል በአካባቢ ልማት ሥራ ይታቀፋል፤ መሥራት የማይችል አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛና ጽኑ ሕመምተኛ ደግሞ በቀጥታ ድጋፍ። መልማዮቹ «ቤቱ ውስጥ ጤነኛ ሰው አለ» ብለው እንዳያልፏችሁ፣ ቀን ከሌት ከበሽተኛዋ ጎን የማትለዩ መሆናችሁን ተናገሩ፤ የሐኪም ማስረጃም አያይዙ። እኛ ገመናችንን ለሰው መናገር ነውር ይመስለናል፤ እኔም በመጀመሪያው ዓመት «ተመስገን፣ ደህና ነን» ብዬ ሸኘኋቸው። እንዲህ አታድርጉ። ስማችሁ ከቀረ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው በጽሑፍ አስገቡ።

ወንድሜ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ነው። እናታችን ሲብስባት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ ይወስዳል፤ በበጀት ዓመቱ ሁለት ጊዜ ብቻ።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ክፍል ስትደርሱ ደግሞ እሷን ብቻ አሠርታችሁ አትመለሱ። ወገባችሁ ሳይጎዳ እንዴት እንደምታነሷት፣ በየ2 ሰዓቱ እንዴት እንደምታገላብጧት እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ ባለሙያው እያየ እናንተው ሞክሩት። የእናቴ ጀርባ እስከ ዛሬ አልቆሰለም።