ባሕር ላይ ብቻውን የቀረ ሰው፦ ልብ ወለዱን የሚያበላሹ ስህተቶች

አንደኛው ማዕበል ማብዛት ነው። በየሦስት ገጹ ሰማይ ይጠቁራል፣ ጀልባዋ ትገለበጣለች። ጸሐፊው አንባቢ እንዳይሰለች ፈርቶ ነው። የሰውን አእምሮ ቀስ እያለ የሚበላው ግን ጸጥ ያለው ባሕር ነው፤ ዛሬ ከትናንት በምንም የማይለይበት።

ሁለተኛው የኔም ጥፋት ነበር፦ ሰውዬውን ፈላስፋ ማድረግ። የኔው ጉድ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ስለ ሕይወት ትርጉም ሲያሰላስል ዋለ። ውሃ ጥም ያቃጠለው ሰው እንዲህ አያወራም፤ ሥራ ይፈልጋል። ቻይናዊው መርከበኛ ፑን ሊም በ1942 እ.ኤ.አ. መርከቡ በቶርፔዶ ተመታና በደቡብ አትላንቲክ ላይ 133 ቀን ብቻውን ተንሳፈፈ። ከእጅ ባትሪው ሽቦ አውጥቶ የዓሣ መንጠቆ ሠራ። ያቺ ሽቦ ከኔ ምዕራፍ ትበልጣለች። ሲያጥፋት ጣቱ ይንቀጠቀጣል? ውሃ ውስጥ ልትወድቅበት ስትል ማንን ይሳደባል? ሥነ ልቦናው እዚያ ነው ያለው።

ቅዠትን ጌጥ ማድረግም አለ። የሞተች እናት ከውሃው ብቅ ብላ ትመክራለች። ኧረ ይተዉ! ከ1895 እስከ 1898 እ.ኤ.አ. ብቻውን ዓለምን በመርከብ የዞረው ጆሹዋ ስሎከም ፕለምና አይብ በልቶ ሆዱን ታመመ። በሕመሙ መሐል አንድ የማያውቀው ሰው መሪውን ይዞ አየ፤ ሰውየውም ከኮሎምበስ መርከበኞች አንዱ ነኝ አለው። ልብ ይበሉ፤ ቅዠቱ መነሻ አለው፣ ሥራም ይሠራል። ታማሚው የቸገረው ጀልባውን የሚነዳለት ሰው ነበር፣ የመጣለትም ነጂ ነው። የእርስዎ ሰውዬስ በዚያች ሌሊት የሚያስፈልገው ማን ነው?

ስለ ውሃ በአጭሩ፦ ጀግናዎ የባሕር ውሃ “ትንሽ ትንሽ” እየጠጣ ወር አይቆይም። በአንድ ሊትር ውስጥ 35 ግራም ገደማ ጨው አለ፤ ኩላሊት ያንን ለማስወጣት ከጠጣው የበለጠ ውሃ ያወጣል።

የመጨረሻው፣ መርከብ በታየች ቁጥር ማዳን ነው። ፑን ሊምን ሳያነሣው ያለፈ መርከብ ነበር። እኔ ረቂቄን ቀድጄ ከዚያ ጀመርኩ፦ መርከቧ ከአድማስ ጠፍታለች፣ ሰውዬው ግን ሸሚዙን ማውለብለቡን አላቆመም።