በድንጋይ ካባ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ ሞዴል ሲሠራ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በምሥራቅ ጎጃም ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው ቁልቁለት የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም ይገኛል። ድንጋዩ የሚቆፈርበት ካባ እየጠለቀ በሄደ ቁጥር በግርጌው ያሉት ምንጮች ምን ይሆናሉ የሚለው ጥያቄ ከብቱን ከዚያው ለሚያጠጣው አርሶ አደር የኑሮ ጉዳይ ነውና፣ መልሱን በሶፍትዌር የሚያሰላ ባለሙያ የሚከተሉትን ስህተቶች አጥብቆ ሊጠነቀቅ ይገባል።

የመጀመሪያውና በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ሞዴሉን በጉድጓዶች የውሃ ከፍታ ብቻ ማስተካከል ነው። የከርሰ ምድር ውሃን ፍሰት በሚያሰላው ሞድፍሎው በተባለ ሶፍትዌር ወደ መሬት የሚሰርገውን ዝናብ በዓመት 100 ሚሊሜትር፣ የዓለቱን ውሃ አሳላፊነት ደግሞ በቀን 1 ሜትር ብለን አሰላን እንበል። ሁለቱንም በእጥፍ አሳድገን ብናሰላ፣ ፍሰቱ በጊዜ የማይለዋወጥ፣ የሞዴሉ ወሰኖችም ቋሚ የውሃ ከፍታ ያላቸው እስከሆኑ ድረስ፣ የውሃው ከፍታ ፈጽሞ አይለወጥም፤ ወደ ካባው የሚገባው ውሃ ግን እጥፍ ይሆናል። ከሁለቱ ትክክለኛውን የሚለየው የፍሰት ልኬት ነው። ለአነስተኛ ምንጭ ባልዲና ሰዓት ይበቃሉ፤ 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ በ10 ሰከንድ ከሞላ ምንጩ በሰከንድ 2 ሊትር ይሰጣል። ይህን ቀላል ሥራ በበጋ ሳይሠሩ መቅረት ይቅርታ የሚደረግለት አይመስለኝም።

ሁለተኛው የዓመቱን ዝናብ ለ12 ወራት እኩል ማከፋፈል ነው። የጎጃም ዝናብ በአብዛኛው የሚወርደው በክረምት ስለሆነ፣ የካባው ፓምፕ አቅም በሐምሌና በነሐሴ ውሃ፣ የምንጩ ዘላቂነት ደግሞ በበጋው መጨረሻ መመዘን አለበት።

የሞዴሉን ወሰን ከካባው አጠገብ መቁረጥም ያሳስታል፤ እዚያ ቋሚ የውሃ ከፍታ ከተሰጠ ሶፍትዌሩ ከወሰኑ ያለገደብ ውሃ ስለሚያስገባ ምንጮቹ የማይነኩ መስለው ይታያሉ። ሜትር በሰከንድን በሜትር በቀን ቦታ ማስገባት ደግሞ ውጤቱን በ86,400 እጥፍ ያዛባል።

የኖራ ድንጋይን እንደ አሸዋ መቁጠር ሌላው ስህተት ነው። ሞዴሉ የውሃን ፍሰት የሚያሰላበት የዳርሲ ሕግ በ1856 እ.ኤ.አ. የታተመው በአሸዋ ላይ ከተደረገ ሙከራ ተነሥቶ ነው፤ የኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ግን በውሃ እየተሟሟ ስለሚሰፋ፣ ሞዴሉ ዓመታት ይፈጃል ያለውን መንገድ ከካባው የሚነሣ ብክለት በቀናት ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ በቀለም መከታተያ፣ ማለትም ውሃው ውስጥ ቀለም ጨምሮ የትና መቼ እንደሚወጣ በማየት፣ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም፣ ለወርቅ ወይም ለድንጋይ ከሰል ማዕድን የተሠራን የአሲድ ስሌት እንዳለ መገልበጥ አይገባም። የኖራ ድንጋይ አሲድን ያረግባል፤ እዚህ የሚያሳስበው ከጂፕሰም የሚወጣው ሰልፌት የተባለ ጨው ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ሊትር ውሃ ከ2 ግራም በላይ ጂፕሰም ሊሟሟ ይችላል። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ከየምንጩ ናሙና ተወስዶ ሰልፌቱ ካልተለካ፣ በኋላ የሚታየው ጭማሪ ከካባው ይሁን ከዓለቱ ተፈጥሮ የትኛውም ሶፍትዌር ሊለየው አይችልም።