የጣሊያን ሰፋሪዎችን ታሪክ በሆለታ እንዴት እንዘክር?

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በአምቦ መንገድ ላይ የምትገኘው ሆለታ፣ ፋሺስት ጣሊያን በወረራው ዘመን የራሱን ዜጎች ለማስፈር ከመረጣቸው ቦታዎች አንዷ ነበረች። የቀድሞ ተዋጊዎችን በእርሻ ሥራ ለማቋቋም የተመሠረተው የጣሊያን መንግሥት ድርጅት የሰፈራ እርሻውን የጀመረው በሆለታና በቢሾፍቱ ነው። ይህን ታሪክ በመታሰቢያ ለማቆየት ያሰበ የትምህርት ቤት ክበብ ወይም የአካባቢ ማኅበር አስቀድሞ መስማማት ያለበት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ የሚዘጋጀው የክብር ሐውልት ሳይሆን የታሪክ ምልክት መሆን አለበት። ሰፋሪዎቹንም «የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች» ማለት አይገባም፤ ከእነርሱ በፊት የአካባቢው ገበሬ፣ የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥትና ዕጩ መኮንኖች በስዊድን መኮንኖች ይሰለጥኑበት የነበረው የጦር ትምህርት ቤት ነበሩ። ከዚሁ ትምህርት ቤት ከወጡት ዕጩ መኮንኖች አንዳንዶቹ ጥቁር አንበሳ በተባለው የአርበኞች ጦር ውስጥ ጠላትን ተዋግተዋል።

ከሁሉ የሚያስቸኩለው የአረጋውያን ቃል ነው። ዘመኑን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬ ዘጠና ዓመት የተጠጉ ወይም ያለፉ ስለሆኑ፣ አብዛኛው ምስክርነት ከልጆቻቸው የሚገኝ ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ቃል «ከአባቴ እንደ ሰማሁት» ተብሎ ሳይቀላቀል ይመዝገብ። ቃለ መጠይቁ ተናጋሪው በሚቀናው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ፣ ይካሄድ። ዓመተ ምሕረት መጠየቅ እምብዛም አይጠቅምም፤ «አባባ፣ ጣሊያን ሲገባ ማሳው የማን ነበር? ማን ያርሰው ነበር? ጣሊያን ሲወጣስ ለማን ተመለሰ?» ብሎ በትሕትና የጠየቀ ግን የቦታ ስም፣ የድንበርና የዝምድና ዝርዝር ያገኛል። ድምፅ ከመቅዳትና ስም ከመጻፍ በፊት ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው።

የጽሑፍ ማስረጃ በወመዘክር (በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) እና በስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መፈለግ ይቻላል። የውጭ ሰነድ ሲነበብ የዘመን ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት መሆኑ አይዘንጋ፤ አዲስ አበባ የተያዘችው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን በፈረንጆቹ ሜይ 5 ቀን 1936 ነው።

በምልክቱ ላይ የሚሰፍረው ቃል አጭርና ቀጥተኛ ይሁን፤ ለምሳሌ «በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ፋሺስት ጣሊያን በዚህ አካባቢ የራሱን ዜጎች ለማስፈር እርሻ አቋቁሞ ነበር። መሬቱ ግን ባለቤትና አራሽ ነበረው።» የሚለው በአማርኛና በኦሮምኛ ጎን ለጎን ቢጻፍ በቂ ነው። «አካባቢውን አለሙ» የሚል ሐረግ የወራሪውን ፕሮፓጋንዳ መድገም ስለሚሆን ባይገባ ይሻላል። የሰፋሪ ቤተሰቦችን ኑሮ ግን መደበቅ አያስፈልግም፤ ማስረጃ ከተገኘ በትምህርት ቤት ዐውደ ርእይ ላይ ከተፈናቀለው ገበሬ ታሪክ ጋር አብሮ ይቅረብ።

ቦታውን በተመለከተ የከተማው አስተዳደርና የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይጠየቁ፤ ምልክቱም አሮጌ ግድግዳ ተበስቶ ከሚለጠፍ ለብቻው በእግሩ ቢቆም ይመረጣል። ለምረቃው የካቲት 12 እና ሚያዝያ 27 አይመረጡ፤ ቀኖቹ የሰማዕታትና የአርበኞች ናቸው። ሪባኑ ከመቆረጡ በፊት የተቀዳው ድምፅ በሁለት ቅጂ ተባዝቶ አንዱ ለከተማው ቤተ መጻሕፍት፣ ሌላው ቃላቸውን ለሰጡት ቤተሰቦች ይሰጥ።